ውሉ የጠፋበት ውል፦ ስለተኙ የደንበኛ ውሎች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ሆነው በኢንተርኔት የግራፊክስ ዲዛይን ሥራ የሚሠሩ አንዲት ባለሙያ 9 ያልተዘጉ ውሎች አሏቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ በ6ቱ ላይ ከደንበኞቹ ድምፅ ከተሰማ ወራት አልፈዋል። አምስቱ በአፕወርክ፣ ማለትም በግል የሚሠሩ ባለሙያዎችን (ፍሪላንሰሮችን) ከደንበኞች ጋር በሚያገናኘው የኢንተርኔት መድረክ፣ በኩል የተገቡ ናቸው፦ ሁለቱ በቁርጥ ዋጋ፣ ሦስቱ በሰዓት የሚከፈልባቸው። ስድስተኛው ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም በፊት ከአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ጋር በቀጥታ በብር የተፈረመ የመጽሔት ዝግጅት ውል ነው። ጠያቂዋ «ደንበኞቹን ብወተውታቸው መጥፎ አስተያየት ይሰጡኛል፤ ብዘጋቸው ውጤቴ ይወርዳል፤ ብተዋቸው ደግሞ ሐሳቤን ይይዙታል፤ ምን ላድርግ?» ሲሉ ጽፈዋል።

በቋንቋችን «ውል» የሚለው ቃል ስምምነትንም የክር ጫፍንም ይጠራል። ልቃቂት ውሉ ሲጠፋበት ፈታይዋ በጉልበት አትጎትተውም፤ ጫፉን ትፈልጋለች። የእርስዎም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ልዝጋ ወይስ ልተው ከማለትዎ በፊት በእያንዳንዱ ውል ውስጥ የማን ምን እንደቀረ መፈለግ አለብዎት። የቀረ ነገር ካለ ለዝምታው ቀን ሊቆረጥለት ይገባል፤ የቀረ ነገር ከሌለ ደግሞ ውሉ ክፍት ሆኖ መቀመጡ ብቻውን የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም። ብዙ ባልደረቦቼ የሚሳሳቱት በተቃራኒው ነው፤ ምንም ያልቀረበትን ውል እያዩ ሲጨነቁ፣ ገንዘባቸው ወይም ግዴታቸው ያለበትን ደግሞ «አንድ ቀን ይመልሳሉ» ብለው ያስተኙታል።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ይውሰዱና ለእያንዳንዱ ውል ሦስት ነገሮችን ይጻፉ። አንደኛው ገንዘብ ነው፤ በአደራ የተቀመጠ፣ በቅድሚያ የተቀበሉት ወይም ሊከፈልዎት የሚገባ ገንዘብ አለ ወይ? ሁለተኛው ሥራ ነው፤ ያላስረከቡት ወይም አስረክበው ያልጸደቀ ነገር አለ ወይ? ሦስተኛው ቁልፍ ነው፤ የደንበኛው የይለፍ ቃል፣ የፋይል ማከማቻ ወይም የማኅበራዊ ገጽ መግቢያ በእጅዎ ቀርቷል ወይ? በሦስቱም ላይ «የለም» ብለው የጻፉበት ውል ካለ ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉት።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የማይሰጡት የቁርጥ ዋጋ ውሎችዎ ናቸው፤ በእነዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ገንዘብ ሲጠፋ ያየሁት በብዛት እዚህ ላይ ነው። በአፕወርክ የቁርጥ ዋጋ ውል ደንበኛው ለአንድ የሥራ ምዕራፍ፣ ማለትም ማይልስቶን ለምንለው ክፍል፣ ገንዘቡን አስቀድሞ በአደራ ያስቀምጣል፤ ይህ ኤስክሮ የሚባለው ነው። ሥራውን በተገቢው ቁልፍ በኩል ሲያስረክቡ ደንበኛው ለመመርመር 14 ቀናት አሉት፤ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ካላጸደቀና ማሻሻያ ካልጠየቀ ገንዘቡ በራሱ ጊዜ ይለቀቅልዎታል፤ ከዚያም 5 ቀናት ለደኅንነት ተይዞ ይቆይና ወጪ ማድረግ ይችላሉ። እንግዲህ እርስዎ የሎጎውን ሥራ እንደጨረሱ ጽፈውልኛል፤ ነገር ግን ፋይሎቹን የላኩት በመልእክት መጻጻፊያው ውስጥ አያይዘው ነው። በእርስዎና በደንበኛው ዓይን ርክክቡ ተፈጽሟል፤ በመድረኩ ሥርዓት ዓይን ግን ምንም ርክክብ የለም፤ የ14ቱ ቀን ቆጠራም አልጀመረም። ቆጠራው የሚጀምረው ለክፍያ የማስረከቢያውን ቁልፍ ተጭነው ሥራውን ሲያቀርቡ ብቻ ነው። ደንበኛዎ ክፉ ሰው ስለሆነ ሳይሆን፣ ማንም «ይህን አጽድቅ» ብሎ ስላልጠየቀው ሊሆን ይችላል ገንዘቡ እስከ ዛሬ የቆመው።

ይህን ሳያስተካክሉ «ልገላገለው» ብለው ውሉን ቢዘጉትስ? እባክዎ ይህን አያድርጉ። በአደራ የተቀመጠ ገንዘብ እያለ ፍሪላንሰሩ ራሱ ውሉን ሲዘጋ ገንዘቡ የሚመለሰው ወደ ደንበኛው ነው። የደከሙበትን ሥራ አስረክበው፣ ክፍያውን በገዛ እጅዎ መለሱ ማለት ነው። ዝም ብለው ቢተዉትም መጨረሻው ያው ሊሆን ይችላል፤ የመጨረሻው የሥራ ምዕራፍ ቀን ካለፈ በኋላ ለ90 ተከታታይ ቀናት ምንም እንቅስቃሴ ያልታየበት የቁርጥ ዋጋ ውል እንደተኛ ውል ይቆጠራል፤ ማሳሰቢያ ይላካል፤ ፍሪላንሰሩ ማሳሰቢያውን አይቶ ካልተንቀሳቀሰ ገንዘቡ ወደ ደንበኛው ሊመለስ ይችላል። የኢሜይል ሳጥንዎ በማስታወቂያ የተጨናነቀ ከሆነ ያቺ አንዲት ማሳሰቢያ እንዳታመልጥዎ ዛሬውኑ ይፈልጓት።

ሁለተኛው የቁርጥ ዋጋ ውልዎ የተለየ ነው። ደንበኛው ገንዘቡን አስቀምጧል፤ ጽሑፉን ልልክልሽ ብሎ ግን አልላከም፤ ሥራው አልተጀመረም። እዚህ ላይ አንዳንዶች የሚመክሩት አንድ ዘዴ አለ፤ ባዶ ወይም ለይስሙላ የተሠራ ፋይል አስረክቦ 14ቱ ቀናት እስኪያልፉ መጠበቅ ነው። ይህን ምክር ከማንም ቢሰሙት አይቀበሉት። ያልተሠራ ሥራ ክፍያ መጠየቅ ማታለል ነው፤ ደንበኛው ከወራት በኋላ ተመልሶ ቢያየውና ቢከስስ የሚጎዳው የእርስዎ ስም ብቻ ሳይሆን ከኢትዮጵያ ለሚመጣው ለሚቀጥለው ሰው ያለው አመኔታም ጭምር ነው። ለዚህ ውል ከታች የምጠቅሰውን ደብዳቤ ይላኩ፤ ቀኑ ካለፈ ይዝጉት፤ ገንዘቡም ወደ ባለቤቱ ይመለስ።

በሰዓት የሚከፈልባቸው ሦስቱ ውሎች እንደዚህ አያስቸኩሉም። በእነሱ ላይ በአደራ የተቀመጠ ገንዘብ የለም፤ የሠሩት ሰዓት ሁሉ ከተከፈለዎት ውሉ ቢከፈትም ቢዘጋም ገንዘብ አያጡም። አደጋው ያለው ውሉ ሲነቃ ነው። ደንበኛው ከ8 ወር በኋላ ብቅ ብሎ «ያንን ነገር እስቲ ቀጥይልኝ» ሲል፣ የሳምንቱ የሰዓት ጣሪያ ድሮ እንደነበረ ስለሚገኝ ወዲያው መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን የክፍያ ካርዱ ጊዜው አልፎበት ሊሆን ይችላል። ለሰዓት ሥራ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና የሚሠራው የደንበኛው የክፍያ መንገድ የተረጋገጠ ሆኖ፣ ሰዓቱም የሥራ ሰዓትን በሚቆጥረው የአፕወርክ መተግበሪያ የተመዘገበ ሲሆን ነው፤ በእጅ የተጨመረ ሰዓት ዋስትናው አይሸፍነውም። ስለዚህ የነቃ ውል ላይ የመጀመሪያውን ሰዓት ከመመዝገብዎ በፊት የክፍያ መንገዱ የተረጋገጠ መሆኑን ይመልከቱ፤ የሚሠራውን ሥራ ደግሞ ደንበኛው በጽሑፍ ያረጋግጥልዎ። የሳምንቱ ሒሳብ የሚዘጋው በዓለም አቀፉ ሰዓት እሑድ እኩለ ሌሊት መሆኑንም አይርሱ፤ ይህ በእኛ አቆጣጠር ሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የመዘገቡትን ለማረም ያለዎት ጊዜ ደግሞ ሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ደንበኛው እስከ ዓርብ ድረስ መርምሮ ሊቃወም ይችላል፤ ለወራት ያልታየ ደንበኛ ደግሞ ያልጠበቀው ሒሳብ ሲመጣበት ለመቃወም ቅርብ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራዎ ነገር፣ ይወርዳል ወዳሉት ውጤትዎ፣ እንምጣ። የሥራ ስኬት ውጤት የሚባለው መቶኛ የሚሰላው ከደንበኞች ግልጽ አስተያየት ብቻ አይደለም፤ ደንበኛው ለእርስዎ በማይታይ መንገድ በምስጢር የሚሰጠው ምዘናም ይገባበታል፤ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የሥራ ግንኙነትም ይረዳል። ክፍያ የተፈጸመበት ውል አስተያየት ሳይሰጥበት ቢዘጋ በራሱ እንደ ውድቀት አይታይም። ምንም ክፍያ ሳይገባበት የተዘጋ ውል ግን ሲደጋገም ውጤትን ሊጎዳ ይችላል፤ አንድ ሁለቱ ግን ሰው አያጠፉም። ውሉን ማንም ይዝጋው፣ ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ ሁለቱም ወገኖች ለ14 ቀናት አስተያየት መስጠት ይችላሉ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው የሚያየው ሁለቱም ከጻፉ ወይም ቀኑ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚህ የምደመድመው እንዲህ ነው፦ ደስተኛ ሆኖ የተለየ ደንበኛን ውል መዝጋት አያስፈራም፤ እንዲያውም አስተያየት እንዲጽፍ ያስታውሰዋል። በቅሬታ የተለየ ደንበኛን ውል ግን፣ ቅሬታውን ሳይጠይቁና ሳይፈቱ፣ ስሜቱ ትኩስ ሳለ መዝጋት ጥሩ አይደለም። ውጤትን እያዩ ከመወሰን ይልቅ ደንበኛው በምን ሁኔታ እንደተለየ ማስታወስ የተሻለ መሪ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ላክል። ውሉ ስለተዘጋ ብቻ ከዚያ ደንበኛ ጋር ከመድረኩ ውጭ፣ ክፍያውን በፔዮኒር (በኢንተርኔት ገንዘብ በሚያስተላልፈው ድርጅት) ወይም በባንክ እየተቀበሉ፣ መሥራት ይቻላል ብለው እንዳያስቡ። በአፕወርክ የተዋወቃችሁ ከሆነ፣ ከትውውቁ ጀምሮ ለ24 ወራት ክፍያው በመድረኩ በኩል እንዲያልፍ ግዴታ ገብታችኋል፤ ከዚያ በፊት ለመውጣት የመለወጫ ክፍያ አለ።

ደብዳቤውን በተመለከተ፣ አጭር፣ ትሑት፣ ግን ቀን ያለው መሆን አለበት። «ሰላም ነዎት? ሥራው እንዴት ሆነ?» የሚል መልእክት ደብዳቤ አይደለም፤ ለመመለስም ላለመመለስም ያመቻል። እኔ ለዓመታት የምጠቀምበት አጻጻፍ ይዘቱ ይህን ይመስላል፦ «ጤና ይስጥልኝ። ለመጨረሻ ጊዜ የተጻጻፍነው በዚህ ቀን ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ እኔ ይህንን አስረክቤ፣ ከእርስዎ ደግሞ ይህንን እየጠበቅሁ ነበር። ሥራው መቀጠል ካለበት እስከዚህ ቀን ቢያሳውቁኝ በፕሮግራሜ ውስጥ ቦታ እይዝልዎታለሁ። የእርስዎ ዕቅድ ተለውጦ ከሆነም አንድ ቃል ይበቃኛል። እስከዚያ ቀን ካልሰማሁ ግን ውሉን እዘጋለሁ፤ በእጄ ያሉትን ፋይሎች በሙሉ ከመዝጋቴ በፊት እልክልዎታለሁ፤ በሌላ ጊዜ ሲያስፈልግዎት አዲስ ውል ከፍተን መሥራት እንችላለን።» አዎን፣ በመድረኩ ላይ የተዘጋ ውል ተመልሶ አይከፈትም፤ ደንበኛው ግን በማንኛውም ጊዜ አዲስ ውል ሊያቀርብልዎት ይችላል፤ ስለዚህ መዝጋት በሩን መዝጋት አይደለም።

የሚቆርጡት ቀን ሦስት ሳምንት ያህል ቢሆን ይሻላል። የወቅቱንም ነገር ያስቡበት፤ የአውሮፓና የአሜሪካ ደንበኞች ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ፣ በእነሱ ዲሴምበር መጨረሻ፣ ለገና እና ለአዲስ ዓመት ይበተናሉ፤ ብዙ አውሮፓውያን ደግሞ ኦገስትን በዕረፍት ያሳልፋሉ። በእነዚያ ሳምንታት የተቆረጠ ቀን ፍትሐዊ አይደለም። ቀኑን ስትጽፉ የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፤ 10/05 ለአንዱ ሜይ 10፣ ለሌላው ኦክቶበር 5 ነው። ሰዓት የሚጠቅሱ ከሆነም በደንበኛው አገር ሰዓት ይሁን፤ የእኛ ሦስት ሰዓት በእሱ አቆጣጠር ዘጠኝ መሆኑን ማወቅ የእሱ ሥራ አይደለም።

በዝምታ ላይ አንድ ነገር እንድናስብ እፈልጋለሁ፤ ይህንን የምለው ደንበኞችን ለመከላከል ሳይሆን እኛም በዚያው ወንበር ተቀምጠን ስለምናውቅ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም ጀምሮ ኢንተርኔት በአገሪቱ ሲቋረጥ ለሦስት ሳምንታት ያህል ከደንበኞቻችን ጋር መገናኘት አልቻልንም። ከእነሱ በኩል ሲታይ፣ ቀን ቆርጠን የተቀበልነውን ሥራ ይዘን የጠፋን ሰዎች ነበርን። ያን ጊዜ ውሉን ሳይዘጉ የጠበቁኝ ሁለት ደንበኞች እስከ ዛሬ አብረውኝ ይሠራሉ። የእርስዎ ደንበኛም ታሞ፣ ከሥራው ለቆ ወይም መሥሪያ ቤቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው ላይ ወቀሳ የማይገባው ለዚህ ነው።

ስድስተኛው፣ የአዲስ አበባው ድርጅት ውል፣ በሌላ ሕግ የሚዳኝ ነው፤ እዚህ ላይ የሚጠብቅዎ መድረክ የለም፤ የ14 ቀን ቆጠራም የለም። የሚገዛው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ውሉን የፈረሙት ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ፣ ማለትም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም በፊት ነው፤ ያን ጊዜ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለሶፍትዌር የሚከፍሉት፣ የኮምፒውተር መለዋወጫው፣ ማተሚያ ቤቱ የሚጠይቀው ሁሉ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል፤ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ ግን አልተለወጠም። ብዙ ሰው «ሁኔታው ስለተለወጠ ዋጋው አብሮ ይለወጣል» ብሎ ያስባል፤ ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በአንቀጽ 1764 መሠረት የውሉ አፈጻጸም ለአንዱ ወገን ከታሰበው በላይ ስለከበደ ብቻ ውሉ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ተዋዋዮቹ ሲስማሙ ነው። ስለዚህ ድርጅቱ ነገ ተመልሶ «የቅድሚያ ክፍያውን ከፍለናል፤ መጽሔቱን በዚያው ዋጋ አስረክቢ» ቢል ክርክሩ ለእርስዎ ቀላል አይሆንም። ከስድስቱ ውሎች ሁሉ ሊያስተኙት የማይገባው ይህኛው ነው፤ በተለይም ውልን መሠረት ያደረገ ክስ በአንቀጽ 1845 መሠረት በይርጋ የሚታገደው በ10 ዓመት ስለሆነ፣ እንዲሁ በጊዜ ብዛት ይረሳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

መንገዱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። በአንቀጽ 1772 መሠረት ሌላው ወገን ግዴታውን አልፈጸመም ብሎ ለመከራከር አስቀድሞ እንዲፈጽም ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በአንቀጽ 1774 ደግሞ በማስጠንቀቂያው ላይ ምክንያታዊ የሆነ ጊዜ ቆርጦ ከዚያ በኋላ አልቀበልም ማለት ይቻላል። እርስዎ እንደጻፉልኝ ድርጅቱ ጽሑፉንና ፎቶግራፎቹን ማቅረብ ነበረበት፤ አላቀረበም። በደብዳቤው ላይ ይህንን፣ የተቀበሉትን የቅድሚያ ክፍያ መጠን፣ ለዚያ የሠሩትን ሥራ፣ የቆረጡትን ቀን እና ከዚያ ቀን በኋላ ውሉ እንደተሰረዘ እንደሚቆጥሩት ይግለጹ፤ ወይም በአዲስ ዋጋ መቀጠል ከፈለጉ አዲሱን ዋጋ እንደ አዲስ ሐሳብ አድርገው ያቅርቡ። ድርጅቱ ዝም ስላለ አዲሱን ዋጋ ተቀብሏል ብለው ግን ሥራ እንዳይጀምሩ፤ አንቀጽ 1682 ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይደነግጋል። ደብዳቤውን በኢሜይልም ይላኩ፤ በተጨማሪ በአካል ወስደው በቅጂው ላይ የመዝገብ ቁጥርና ማኅተም ያስደርጉበት፤ ካልሆነም ቸርችል ጎዳና ካለው ዋናው ፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩትና ደረሰኙን ያስቀምጡ። የቅድሚያ ክፍያው መጠን ከፍ ያለ ከሆነ ከመላክዎ በፊት ጠበቃ ያንብበው። ድርጅቱ በጀቱን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ደብዳቤዎ ከግንቦት በፊት ቢደርስ ይሻላል፤ በሰኔ መጨረሻ ሒሳብ ሲዘጋ ያልተከፈለ ውል የሚጠይቅለት ሰው ያጣል።

በአካል ውሰዱት ያልኩት ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። በ2016 ዓ.ም ፒያሳ ቢሮው የነበረ አንድ ደንበኛዬ ለሦስት ወራት ያህል ዝም ሲለኝ ተቀይሜ ነበር፤ የምደውለው በመስመር ስልክ፣ የምጽፈውም ከሥራ በለቀቀ ሰው ኢሜይል ነበር። ሄጄ ሳይ ሰፈሩ ፈርሷል። አዲሱን ቢሮ ጠይቄ ካዛንቺስ አካባቢ አገኘሁት፤ ሥራ አስኪያጁ በዚያው ቀን ቼኩን ፈረመልኝ። እኔ በልቤ ሌባ ያልኩት ሰው ዕቃ በማሸግ ላይ ነበር።

ቁልፍ ያልኩትን በአጭሩ ልጨርስ። ለተኛ ውል የደንበኛን የይለፍ ቃል ይዞ መቀመጥ ለማንም አይጠቅምም፤ ገጹ በሌላ ሰው ቢጠለፍ እንኳ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እርስዎ ነዎት። የደንበኛው ደንበኞች ስምና ስልክ ያለበት ዝርዝር በኮምፒውተርዎ ካለ ደግሞ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም፤ አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። መግቢያዎን እንዲያነሡልዎ ይጠይቁ፤ ዝርዝሩን ካስረከቡ በኋላ ያጥፉ፤ ማጥፋትዎንም በጽሑፍ ያሳውቁ።

እንግዲህ በእርስዎ ስድስት ውሎች ላይ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ዛሬ፣ ለሎጎው ደንበኛ በመልእክት የላኩለትን ሥራ አሁን በትክክለኛው መንገድ እያስረከቡ መሆንዎን በሁለት መስመር ነግረውት፣ የማስረከቢያውን ቁልፍ ይጫኑ፤ 14ቱን ቀናት በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ያስምሩ። በዚህ ሳምንት ያልተጀመረውን ሥራ ደንበኛ በቀን የተቆረጠ ደብዳቤ ይጻፉለት፤ ለአዲስ አበባው ድርጅትም ማስጠንቀቂያውን አርቅቀው በእጅዎ ያድርሱ። ከሦስቱ የሰዓት ውሎች ውስጥ በምስጋና ለተለዩት ለሁለቱ ተመሳሳይ አጭር ደብዳቤ ጽፈው ከሦስት ሳምንት በኋላ ይዝጉ። ሦስተኛው፣ በመጨረሻው መልእክቱ ላይ ስለቀለሙ ቅር ብሎት የነበረው ደንበኛ፣ ገና አይዘጋበት፤ ቀለሙን ያለ ክፍያ እንደሚያስተካክሉለት ይጻፉለትና መልሱን ይጠብቁ።